እ.ኤ.አ.

በቦንጋ ከተማ፣ በማር መመርመሪያ ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ማሽን አለ። ኬሚስቷ ጽጌ ስንት ደብዳቤ ጽፋ፣ ስንት ደጅ ጠንታ ያስመጣችው ነው። ብርሃን በማር ውስጥ ያሳልፍና ማሩ እሳት ነክቶት እንደሆነ፣ ከርሞም እንደሆነ ይናገራል። ሙሉ ስሙ ስፔክትሮፎቶሜትር ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ልዑልቃል ግን ስሙን ሲጠሩ መሐል ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሁሉም ሰው “ማሽኑ” ይለዋል።

በየካቲት ወር መጨረሻ ማሽኑ እምቢ አለ። እርግጥ ማሽኑ ራሱ ደህና ነበር፤ መብራቱ ይበራል፣ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል። እምቢ ያለው ከጎኑ ያለው ኮምፒውተር ነው። ጽጌ ፕሮግራሙን ስትከፍተው በእንግሊዝኛ “ፈቃዱ አይሠራም” ይልና ይዘጋባታል። የሻጩ ስልክ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣው መልስ አጭር ነበር። አቶ ግዛቸው የተባሉ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሰኞ በአይሱዙ መኪና ይመጣሉ። እሳቸው ሲደርሱ ማሽኑ ከሠራ ይቀራል፤ ካልሠራ “ወደሚሠራበት ቦታ” ይወሰዳል።

ማሽኑ ከሄደ የጽጌ ሥራ የማር ብልቃጥ ላይ ስም እየለጠፉ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ መላክ ይሆናል። ያ ሁሉ የኬሚስትሪ ትምህርት በሙጫ ሊያልቅ ነው። ከማንኪራ ማር ይዘው የሚመጡት ጋሽ ተድላም በየቀኑ ብቅ እያሉ ማሽኑን እንደ ታማሚ ይጠይቁታል።

“ዛሬስ እንዴት አደረ?”

“ያው ነው ጋሽ ተድላ።”

“እህል ቀመሰ?”

“መብራት ብቻ ነው የሚቀምሰው።”

“እንግዲህ ገዢው ወረቀት ካላየሁ ማራችሁን አልነካም ብሏል” ይሉና እየተከዙ ይሄዳሉ።

ጽጌ የቀራት ተስፋ ኢንተርኔት ነበር። በየአገሩ ያሉ የላቦራቶሪ ሰዎች የሚጠያየቁበት አንድ ገጽ አለ። አንዱ ማሽን ተበላሸብኝ ይላል፣ ሌላው እንዲህ አድርግ ይለዋል። በእውነተኛ ስሙ የሚጠራ የለም፤ ብዙው የላቦራቶሪ ዕቃ ስም ይዟል። “የተሰበረ ፒፔት” የሚባል ብራዚላዊ አለ፤ “ባባ ሴንትሪፉጅ” የሚባል የሕንድ ሽማግሌ አለ። የጽጌ ትውልድ ደካ ስለሆነ ራሷን “የደካ ንብ” ብላለች።

ችግሩ ኢንተርኔት ያለው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም የጸሐፊዋ የእትዬ አስካለማርያም ነው። እትዬ አስካለማርያም ኮምፒውተራቸውን ዳንቴል አልብሰውታል። ሌላ ሰው ሲነካው ወንበራቸውን ስበው ከጎን ይቀመጣሉ፤ የተጻፈውንም ሁሉ በአማርኛ ካልተነገራቸው እጃቸውን ከመዳፊቱ ላይ አያነሱም።

ዓርብ ዕለት መጀመሪያ የመለሰው ባባ ሴንትሪፉጅ ነበር።

“ምን ይላል?” አሉ እትዬ አስካለማርያም።

“ኮምፒውተሩን አጥፊው፣ ሻይ ጠጪ፣ መልሰሽ አብሪው ይላል።”

“ይኼ አዋቂ ነው።”

አጠፉት። ሻይ ጠጡ። አበሩት። ሻዩ ጥሩ ነበር።

ከዚያ የተሰበረ ፒፔት “ፈቃዱን አድሱት” ብሎ ጻፈ። ጽጌ ይህን ስታነብ ጋሽ ልዑልቃል በበሩ ያልፉ ነበር።

“ፈቃድ!” አሉና ቆሙ። “እኔስ ምን አልኩ? ከመጀመሪያው ፈቃድ ነው አላልኩም?”

“ጋሽ ልዑልቃል፣ የፕሮግራሙን ፈቃድ ማለቱ እኮ ነው።”

አልሰሟትም። ባጃጅ አስቁመው ወደ መሐል ከተማ ወረዱ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የላቦራቶሪውን የሥራ ፈቃድ አሳድሰው፣ በመስታወት አስገጥመው፣ በብብታቸው ይዘውት መጡ። ምስማር አስመትተውም ከማሽኑ ኮምፒውተር በላይ ሰቀሉት። ማኅተሙ ገና እርጥብ ነበር።

“በይ አሁን ክፈቺው።”

ጽጌ ከፈተችው። “ፈቃዱ አይሠራም” አለ።

“ይኸውና እኮ!” አሉ ጋሽ ልዑልቃል፤ ኮምፒውተሩ ማየት የሚችል ይመስል ፍሬሙን እያመለከቱ።

“ጋሼ፣ ፕሮግራሙ የራሱ ፈቃድ አለው።”

“ፕሮግራሙ የማን ነው?”

“የላቦራቶሪው።”

“ላቦራቶሪው ፈቃድ አለው?”

“አለው።”

“ታዲያ?”

ጽጌ ተነስታ ወደ እትዬ አስካለማርያም ክፍል ተመለሰች።

ሰኞ ጠዋት፣ አይሱዙው ከጅማ ተነስቷል የሚል ስልክ ከተደወለ በኋላ፣ የተሰበረ ፒፔት አንድ ነገር ጠየቀ፤ የኮምፒውተሩን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አለ። ጽጌ በሞባይሏ አነሳች። ፎቶው እስኪሄድ ድረስ እትዬ አስካለማርያም ሰው ሁሉ ስልክ እንዳይደውል ከለከሉ፤ በኮሪደሩ የሚያልፈውንም ቀስ ብሎ እንዲራመድ አደረጉ። ፎቶው ሄደ።

በመጀመሪያ ባባ ሴንትሪፉጅ ጻፈ።

“ምን ይላል?”

“ፎቶው ላይ ሰዓቱን አይቶ ነው። አራት ሰዓት ከአሥር ይላል፤ ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ሰው ይተኛል፤ እንቅልፍ ያጣ እጅ ዕቃ ይሰብራል፤ ሂጂና ተኚ ይለኛል።”

እትዬ አስካለማርያም ዳንቴላቸውን ጨበጡ። “ከረፋዱ በአራት ሰዓት? በሥራ ሰዓት ተኚ? እሱ ነው የሥራ መግቢያ ፊርማሽን የሚፈርምልሽ?”

“ቁርስ ከበላን ቆይተናል ልበለው?”

“በይው!”

ጽጌ ጻፈች። መልሱ ወዲያው መጣ። “ገና ሳይነጋ ቁርስ የሚያበላ መሥሪያ ቤት ጤነኛ አይደለም፤ ባባ ሴንትሪፉጅ አዝኖልሻል” ይላል።

“ሳይነጋ?” አለች ጽጌ። በመስኮቱ በኩል ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል።

“በቃ ጃጅቷል፤ ተይው” አሉ እትዬ አስካለማርያም። “ያንን ብራዚሉን ጠይቂው።”

የተሰበረ ፒፔት ግን ሳይጠየቅ ጽፎ ነበር። “ግድግዳው ላይ ያለው ፍሬም በጣም ያምራል። የኮምፒውተሩ ገጽ ጥግ ላይ ያለው ቀን ግን ተሳስቷል፤ 2003 ይላል።”

ጽጌ ቀና ብላ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አየች። “አዎ፣ 2003 ነው” ብላ መለሰች።

“አይደለም” አለ።

“ነው” አለች።

“እህቴ፣ አይደለም።”

“ሰውየው ምን ነካው?” አሉ እትዬ አስካለማርያም። “ዛሬ ሰኞ፣ መጋቢት አምስት ቀን፣ ሁለት ሺህ ሦስት ነው። ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት!”

የጽጌ ጣቶች ከፊደሎቹ በላይ እንደተንሳፈፉ ቀሩ።

“ምኑን ነው ያስተካከሉት፣ እትዬ አስካለ?”

“ቀኑን ነዋ። የእኔንም፣ የአንቺንም።”

“የእኔን? የማሽኑን?”

“ባለፈው ወር መጨረሻ የእኔ ማተሚያ ቀለም ሲጨርስ ከአንቺ ክፍል ደብዳቤ ላትም ገባሁ። ጥጉን ሳየው ስምንት ዓመት ጥሎን ሄዷል! ሰው ቢያይብሽ አፈርኩልሽ። አረምኩት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አቧራ ስጠርግ ሰዓቱንም ቀኑንም አይለታለሁ።” ምስጋና እንደሚጠብቁ ከፊታቸው ይታይ ነበር። “ቀላል ሥራ እንዳይመስልሽ። ኮምፒውተር ልበ ደንዳና ነው። የእኔው እዚህ ሁለተኛው ወር በሃያ ስምንት ያልቃል ብሎ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝን አልቀበልም ብሎኝ ያውቃል። መስከረምን ሠላሳ አንድ ቀን ሊያደርግብኝ ነበር። ጳጉሜንንማ ጭራሽ አያውቃትም፤ ጎደሎ ነው።”

ጽጌ ያን ጥግ ስንት ቀን አየችው! በየቀኑ እያየችው ትክክል ስለሆነ አላየችውም። ማሽኑ የተገዛው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥር ነው። ሁለት ሺህ ሦስት ላይ ለተቀመጠ ኮምፒውተር ፈቃዱ ገና አልተወለደም። ባባ ሴንትሪፉጅም አራት ሰዓት ሲያይ ሌሊት የመሰለው ሰዓቱም የአገሩ ስለሆነ ነው።

ውጭ የአይሱዙ ጡሩንባ ተሰማ።

“እትዬ አስካለ፣ ልመልሰው ነው።”

“ወዴት?”

“ወደ ፈረንጁ ቀን።”

“በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ?” ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ። በሩ ጠባብ ነው፤ እትዬ አስካለማርያም ጠባብ አይደሉም። “ነገ ደብዳቤውን ሁሉ በፈረንጅ ቀን ጻፊ ልትዪኝ ነው?”

“የእርስዎን ማን ነካ? የማሽኑን ብቻ ነው። ማሽኑ እኮ ፈረንጅ ነው፣ እትዬ አስካለ።”

በግቢው ውስጥ የመኪና በር ተዘጋ።

“እንግዳ ነው ማለትሽ ነው?”

“እንግዳ ነው። የአገራችንን ቀን አያውቅም።”

“እንግዳ ከሆነስ ይሁን” አሉና ገለል አሉላት።

ጽጌ ላቦራቶሪው ስትደርስ አቶ ግዛቸው ሁለት ተሸካሚና አንድ ጥቅል ገመድ ይዘው ገብተዋል። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያኖሩ ሰው ናቸው። ጋሽ ልዑልቃል ፍሬሙን እያሳዩ ፈቃዱ መታደሱን ያስረዷቸዋል። ጋሽ ተድላም አንድ ብልቃጥ ነጭ ማር በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ጥግ ላይ ቆመዋል።

“ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ” አለች ጽጌ። በተሸካሚዎቹ መሐል ሾልካ ቀኑንና ሰዓቱን ቀየረች። ፕሮግራሙን ከፈተችው።

ተከፈተ።

ጽጌ የጋሽ ተድላን ማር ተቀብላ፣ መዝና፣ በጥብጣ፣ አጣርታ፣ ማሽኑ ውስጥ አስገባች። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ውጤቱንም በወረቀት አትሞ ተፋ። ማሩ እሳት አልነካውም፤ ትኩስ የዘንድሮ ማር ነው።

“ሠራ!” አሉ ጋሽ ልዑልቃል። “ፈቃድ ነው ብያለሁ!”

አቶ ግዛቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ወረቀቱን አነበቡ። ግንባራቸው ተኮሳተረ።

“ይኼ ምንድን ነው? መጋቢት አሥራ አራት፣ 2011 ይላል።”

“እሱ የማሽኑ ቀን ነው” አለች ጽጌ።

“ዛሬ መጋቢት አምስት፣ 2003 ነው። ይህ ምርመራ የሚደረገው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። እኔ ገና ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ብዬ ልፈርም?”

“ከስምንት ዓመት በኋላ?” አሉ ጋሽ ተድላ፣ ከጥጋቸው ወጣ ብለው። “ያኔም ማሬ ትኩስ ነው ይላል?”

“ጋሽ ተድላ፣ እንደሱ አይደለም...”

“ለገዢው ንገሪልኝ! ስምንት ዓመት ዋስትና ያለው ማር የት አገር አለ?”

“እኔ መጋቢትን በመጋቢት ነው የማውቀው” አሉ አቶ ግዛቸው። “አዲስ አበባ ይህን ይዤ ብገባ ይስቁብኛል። ልጆች፣ ገመዱን ፍቱ።”

ተሸካሚዎቹ ጎንበስ አሉ። ጽጌ ከማሽኑ ፊት ቆመች። ስለ ፈረንጅ ቀን ማስረዳት ጀመረች፤ ተሸካሚዎቹ ግን ገመዱን ይፈቱ ነበር።

“እስቲ ያንን ወረቀት” የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

እትዬ አስካለማርያም ነበሩ። በአንድ እጃቸው እስክሪብቶ፣ በሌላው ማኅተሙን ከነቀለም ሳጥኑ ይዘዋል። ወረቀቱን ከአቶ ግዛቸው እጅ ወሰዱ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተካክለው ዘረጉት፣ 2011 ከሚለው ቁጥር ጎን ሦስት ፊደል በሦስት ነጥብ ጻፉ። እ.ኤ.አ.። በሥሩም የአገሩን ቀን ጨመሩ፤ መጋቢት 5 ቀን 2003 ዓ.ም.። ከዚያ ማኅተሙን አሹት፣ ተነፈሱበት፣ መቱት።

አቶ ግዛቸው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

“እንደ... ኤውሮጳ... አቆጣጠር” አሉ። ቀና አሉ። “ይኼ ከመጀመሪያው ተጽፎ ቢሆን ምን አለበት? ሰው ያደክማሉ።”

ፈረሙ። ተሸካሚዎቹ ገመዱን መልሰው ጠቀለሉ። ሾፌሩ ባዶ መኪና ይዤ አልመለስም ብሎ ከገበያ ኮረሪማ ጭኖ ሄደ።

ጽጌ እትዬ አስካለማርያምን አቅፋ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

“ልቀቂኝ፣ ማኅተሙ ልብስሽን እንዳይነካ” አሉ።

ከሰዓት በኋላ ጽጌ ለተሰበረ ፒፔት የሆነውን ሁሉ ጻፈችለት። ብዙ ሳቀ፤ ሳቁ በብራዚል አጻጻፍ “ክክክክ” እያለ አንድ መስመር ሙሉ ሞላ። ባባ ሴንትሪፉጅ ግን የሚያሳስበው ሌላ ነበር። “ለመሆኑ ተኛሽ?” ብሎ ጠየቃት።

“ተኝታለች በይው” አሉ እትዬ አስካለማርያም። “ሽማግሌ አይከራከሩትም።”

የማሽኑ ኮምፒውተር ከዚያ ወዲህ በፈረንጅ ቀን ይኖራል። እትዬ አስካለማርያም ግን ጥጉን ባዶ አልተዉትም። በየጠዋቱ አቧራውን ሲጠርጉ የዕለቱን ቀን በትንሽ ወረቀት ይጽፉና በቁጥሩ ላይ በፕላስተር ይለጥፉበታል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጽጌ አንድ ቀን ቀደም ብላ ስትገባ አገኘቻቸው። ከኮምፒውተሩ ፊት ቆመው የለጠፉትን ራቅ ብለው ያዩታል። “ጳጉሜን 6” ይላል።

“አየሽ” አሉ፣ በኩራት። “ዝም ብሎ ተቀበለ።”