ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ዱቄት

በሰበታው መጋዘን በር ላይ ቆጣሪው የተተከለው በሚያዝያ ነው። በሩን ግራና ቀኝ የያዙ ሁለት ነጭ ሰሌዳዎች ናቸው። የገጠማቸው ኤልቃና የሚባል የአዲስ አበባ ቴክኒሽያን ሥራውን ሲጨርስ ሠራተኛውን ሰብስቦ አስረዳ። ቡራዩ ካለው ወፍጮ የሚመጣ እያንዳንዱ የዱቄት ማዳበሪያ በታችኛው ስፌቱ ውስጥ እንደ ፕላስተር የሳሳች ታግ የምትባል መለያ አለችው። ማዳበሪያው በበሩ ሲያልፍ ሰሌዳዎቹ በሬዲዮ ሞገድ ይጠሩታል፣ ታጓ አቤት ትላለች፣ ኮምፒዩተሩ ይመዘግባል። ከእንግዲህ ማንም መቁጠር የለበትም።

«እኔስ?» አለች ተረፈች። የመጋዘኑ ኃላፊ ናት፤ ሥራዋ መቁጠር ነበር።

«እርስዎማ ያርፋሉ።»

ከዚያ ወዲህ አላረፈችም።

እስከ ግንቦት መጨረሻ ደህና ነበር። ሰኔ ሲገባ ዱቄቱ እግር አወጣ። በስክሪኑ መሠረት ማታ ሠራተኛው ሲወጣ ዱቄት ይጎድላል፤ ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ አብዛኛው ተመልሶ ይመጣል። የቀረውም ቢሆን እንደ ታማሚ ሰው አርፍዶ ይገባል። ቀን ላይም አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ይወጣል፣ ይገባል፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ጠፍቶ ይቆያል። ተረፈች በእጇ ስትቆጥር ሁሉም በቦታው አለ።

ባለቤቱ ኦቦ ቦጂያ ይህን ሁሉ ዱከም ካለው ሌላው ሥራቸው ሆነው በስልካቸው ያያሉ። ድሮ መጋዘኑ ሲመጡ ብቻ ነበር የሚጨነቁት። አሁን ስልኩ ባሉበት ያስጨንቃቸዋል።

«ተረፈች፣ አሁን ደግሞ ወጣ!»

«ምኑ ኦቦ?»

«ዱቄቴ ነዋ! እያየሁት!»

«እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። የወጣው ነገሳ ነው፤ ሽንት ቤት።»

«ማሽን ዘመድ የለው፣ ለማን ብሎ ይዋሻል? እየመጣሁ ነው። ስደርስ ወይ ዱቄቱን አሳዪኝ፣ ወይ ቁልፉን አስረክቢኝ።» ዘጉት።

ቁልፍ አስረክቦ መውጣት ሰበታ ውስጥ ምን እንደሚባል ተረፈች ታውቃለች። «ሥራ ለቀቀች» አይባልም። «ያቺ ዱቄት የሰረቀችው» ይባላል፤ ልጆቿም ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይከተላቸዋል። የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ነገሳ ወንበር አመጣላት። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ወንበሩን ወደ ጥላው ወሰደችው፣ ጥላው ውስጥ ሳትቀመጥበት መለሰችው። ደጅ ላይ ወደ ሱሉልታ የሚሄደው አይሱዙ ገና በግማሽ ተጭኖ ቆሟል። ሾፌሩ የሚያስቸኩለው ሲያጣ ጥሩምባውን ይጫናል።

ኤልቃና ላፕቶፑን በክንዱ ታቅፎ በበሩ ዙሪያ ይሽከረከራል። መጀመሪያ የቴሌን ማማ ጠረጠረ፤ ቀጥሎ የቆርቆሮውን ጣሪያ። በመጨረሻ ሰውን ጠረጠረ።

«ባዶ እጃችሁን፣ አንድ በአንድ እለፉልኝ።»

ነገሳ አለፈ። ጢጥ!

«አንድ ኩንታል» አለ ኤልቃና ስክሪኑን እያየ።

«ማን?»

«አንተ።»

«ቁርሴ ይሆናል።»

«ስልክህን አስቀምጥ።»

አስቀምጦ አለፈ። ጢጥ! ቀበቶውን ፈታ። ጢጥ! ቦቲውን አወለቀ። ጢጥ!

«ወንድም፣ ከዚህ በላይ የማወልቀው ተሬ ፊቷን ካዞረች ነው።»

ቀጥሎ ሌላው ጫኝ ሰላሃዲን አለፈ። ቆዳና አጥንት የሆነ ሰው ነው፤ እሱም ኩንታል ሆነ። «እናቴ ብትሰማ ደስ ባላት» አለ። «አልወፍር አለ እያለች ስታለቅስ ነው የምትከርመው።»

ተረፈች ትዕግሥቷ አልቆ እየተንጎራደደች በበሩ አለፈች። ቆጣሪው ዝም አለ። ተመልሳ አለፈች። ዝም። ሁለቱን ሰዎች ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። እግራቸው ባዶ ነው፣ እጃቸው ባዶ ነው፤ ራሳቸው ግን ባዶ አይደለም።

«ነገሳ፣ ቆቡን አውልቅ እስቲ።»

ክረምት ሲገባ ጫኝ ሁሉ የማዳበሪያ ቆብ አለው። የተቀደደ ማዳበሪያ ይወስድና አንዱን የታች ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ይከተዋል፤ ከአናት እስከ ወገብ ይሸፍነዋል፤ ዝናቡንም ሸክሙንም ይችልለታል። ማዳበሪያው ጀርባው ላይ የፈነዳበት ሰው ነው የሚወስደው። ይህን የጻፈው ሰው የለም፤ የሚከራከርበትም የለም። ዱቄቱ ታግ ወደሌለው ተራ ማዳበሪያ ይገለበጣል። ታጓ ግን ከታችኛው ስፌት ጋር ነገሳ አናት ላይ ትቀራለች፤ ሲጠሯት አቤት ትላለች፤ ማታ ከነገሳ ጋር ቤቷ ትገባለች። ቆጣሪው የተሞከረው ክረምት ሳይገባ ነው፤ ያኔ ቆብ የሚለብስ አልነበረም።

ነገሳ ቆቡን ለሰላሃዲን አቀብሎ አለፈ። ዝም። ቆቡ ብቻውን በመጥረጊያ እንጨት ላይ ተሰቅሎ አለፈ። ጢጥ! አንድ ኩንታል።

ሁሉም ሳቀ። ኤልቃና ግን ሳቁን ቶሎ ዋጠው።

«እትዬ፣ ማዳበሪያ ሲቀደድ ታጉን ቆርጠው ሊያስረክቡ፣ ባዶውንም ለማንም ላይሰጡ ሥልጠናው ላይ ተነግሮዎት የለ?»

ተነግሯታል። እሺም ብላለች። የተቀደደ ማዳበሪያ ከጫኝ ላይ መንጠቅ ማለት መሆኑ ግን ያኔ አልታሰባትም።

«እኛ ወሰድን በያቸው» አለ ነገሳ።

«ወሰዱ ካልኩ ፖሊስ ይጠሩባችኋል።»

«ሰጠሁ ካልሽስ?»

«ቁልፉን ይቀበሉኛል።»

ነገሳ ቦቲውን ማሰር ጀመረ፤ አንዱን ማሰሪያ ብቻ ደጋግሞ አሰረ።

የኦቦ ቦጂያ ፒክአፕ ጭቃውን እየረጨ ገባ። «አካም! ማል ተኤ? ምን ሆነ?» አሉ፤ መልስ ሳይጠብቁ ወደ በሩ ሄዱ። ኤልቃና ቆቡን ሰጥቶ አስረዳቸው። አላመኑም። ቆቡን በአንድ እጃቸው፣ ስልኩን በሌላው ይዘው ራሳቸው ወጡ። «ወጣ» አሉ። ገቡ። «ገባ።» እንደገና ወጡ። ዱቄታቸው በገዛ እጃቸው ሲመላለስ የሚወዱት ይመስል ብዙ ተመላለሱ። ከዚያ ድንገት ቆሙ።

«እሺ፣ ሌባ የለም። ይህን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ» አለች ተረፈች፣ ነገሳ አፉን ሳይከፍት። «ታጉን መቁረጥ ነበረብኝ፣ አልቆረጥኩም። የፈነዳበት ይወስዳል፤ እርስዎም ያውቁታል ኦቦ።»

«ድሮ ነው እሱ። አሁን ንብረት ነው፤ ቁጥር አለው።» እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው።»

ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች።

ነገሳ ቆቡን ከኦቦ ቦጂያ ተቀብሎ አጥፎ፣ ከበሩ ወደ ውስጥ መሬት ላይ አኖረው። ሰላሃዲን የሱን ደረበበት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ደረቡ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አሉ ኦቦ ቦጂያ።

«ንብረት ነው አሉን እኮ። ንብረት ለብሰን እንዴት እንሸከማለን? ነውር ነው።»

ዝናቡ ከፉሪ ተራራ በኩል ተንደርድሮ መጣ። የአይሱዙው ሾፌር ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ሸራው ጭነቱ ላይ አልተጎተተም። ጫኞቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው፣ በትሕትና ተሰልፈው፣ ዝናቡን ያያሉ። የሱሉልታ ዳቦ ቤቶች ኦቦ ቦጂያ ስልክ ላይ እየተፈራረቁ ይደውላሉ። በጥሪዎቹ መሐል ስክሪኑን አዩት። ሰኔ ከገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ዱቄት በስፍራው ነው። የጎደለ የለም፤ የሚጭነው ብቻ ነው የጠፋው።

«መቀስ አለሽ?» አሉ ወደ ተረፈች ሳይዞሩ።

«አለ።»

«ታጎቹን ቁረጪና ቆቡን ስጫቸው።»

«መቀሱ ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሮው ተቆልፏል። ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው።»

ኦቦ ቦጂያ ቁልፉን እንደ ፍም ወረወሩላት። «ያ ዋቃ! ያዢው!»

ሮጣ ሄዳ ሮጣ መጣች። ከመቸኮሏ የተነሳ ስፌቱን አልፋ ማዳበሪያውንም ቆረጠችው።

«ተሬ፣ አናቴ ላይ ያፈሳል እኮ» አለ ነገሳ።

«ይፍሰስብህ!»

ለበሰው፤ ኩንታሉን ተሸክሞ በበሩ አለፈ። ጢጥ! አንድ ብቻ። ውኃው በቀዳዳው ገብቶ በግንባሩ ወረደ። ተረፈች ቁልፉን የትም ለማስቀመጥ አላመነችም፤ በጥርሷ ነክሳው የሚቀጥለውን ቆብ ሳበች።