መስቀሉን ማን ያንሳው

«ታዲያ መስቀሉን ማን ያንሳው?» አለች ክሬሴንሲያ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ኦቲሊያ በወፍጮው ድንጋይ ላይ እንደተንበረከከች የበቆሎውን ሊጥ ወደፊት ገፋችው፣ መልሳ ሳበችው። ባሏ ሲሪሎ ከሞተ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ስድስት ቀን ሙሉ ለጸሎት የሚመጣው ሰው በልቶና ጠጥቶ ሲሄድ እሷ ከወፍጮው አልተነሳችም። ሐዘን ሥራ መሆኑን እስከዛሬ የነገራት አልነበረም። ሌላው ያለቅሳል፣ የሞተባት ትፈጫለች።

በወዲያኛው ክፍል፣ ሬሳው ባረፈበት ወለል ላይ፣ በኖራ የተሰመረ መስቀል አለ። በዘጠነኛው ቀን ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ ሰው ተንበርክኮ ኖራውን ጠርጎ በሣጥን ይሰበስባል፣ ወስዶም መቃብሩ ላይ ይደፋዋል። ነፍስ ከቤት የምትወጣው ያኔ ነው። መስቀሉን ያነሳ ሰው ለቤቱ አበልጅ ይሆናል። ከአበልጅ ጋር ደግሞ መካሰስ ቀርቶ ክፉ ቃል መለዋወጥም ነውር ነው።

ሦስት ሰው ተጠይቆ ሦስቱም አልሆነላቸውም። አንዱ ጉልበቱን አመመው፣ አንዱ ኢክስሚኪልፓን ገበያ የሚሄድበት ቀን ሆነበት። ሦስተኛው ቢያንስ አልዋሸም፤ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ከሲሪሎ ጋር እንደተኳረፍን ነው የሞተው» አለ። ግቢው ውስጥ ቡናቸውን ይዘው የተቀመጡት ሴቶችም የሚንሾካሾኩት ይህንኑ ነበር።

«ከጥላው ጋር የሚጣላ ሰው እኮ ነው።»

«ተይ እንጂ፣ ትሰማሻለች።»

«ብትሰማስ? ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች እሷ አይደለችም እንዴ?»

ኦቲሊያ ሰማች። ቅር ለማለት እንኳ አቅም አልነበራትም።

ክሬሴንሲያ የሟች እህት ናት፤ ነገር አይጠፋትም። ጠጋ ብላ «ማርጋሪቶን ጠይቂው» አለች። «አበልጅሽ ከሆነ ስለ ድንበሩ አፉን አይከፍትም። ነገሩ በዚያው ይቀበራል።»

ማርጋሪቶ ጎረቤታቸው ነው። እሱና ሲሪሎ አብረው ማጌይ፣ ከልቡ መጠጥ ከቅጠሉ ቃጫ የሚወጣውን እሬት መሳይ ተክል፣ ሲፍቁ ያደጉ ወዳጆች ነበሩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ውርጭ የሲሪሎን ማጌይ በሙሉ ሲያቃጥልበት የማርጋሪቶው ግን ተረፈ። ያን ጊዜ ማርጋሪቶ ዋና ከተማ ወርዶ ጡብ ይሸከም ነበር። ሲሪሎ አንድ ማለዳ አሥራ አራት ችግኝ አምጥቶ ኦቲሊያ ጀርባ ላይ በቃጫ ጨርቅ አሳዘላትና ወደ ማሳው ወሰዳት። ድንበሩን ሰባት እርምጃ አልፎ ቆመ።

«እዚህ ቆፍሪ።»

«ድንበሩ እኮ እዚያ ነው።»

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው።»

ቆፈረች። ማርጋሪቶ በሳምንቱ ሲመለስ ረድፉን ቆሞ አየና ወደ ቤቱ ገባ። በኋላ ነገሩን በመንደሩ ጉባኤ ፊት አቀረበ። ሲሪሎ መሬቱ የእኔ ነው ብሎ ማለ። ሽማግሌዎቹ ኦቲሊያን ጠየቋት፤ እንዝርቷን እያየች «ባሌ እንዳለው ነው» አለች። የሚናገር ወረቀት የሌለው መሬት በዚያች ቃል ተወሰነ።

በሰባተኛው ቀን ኦቲሊያ፣ መስቀል አንሺ ሲጠየቅ እንደሚደረገው፣ ዳቦ በቅርጫት ይዛ ወደ ማርጋሪቶ ሄደች። ማርጋሪቶ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ ቃጫ ይፍቅ ነበር። ቅርጫቱን አየ።

«ዳቦውን ከተቀበልኩ መስቀሉን አነሳለሁ» አለ። «መስቀሉን ካነሳሁ አበልጅሽ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ረድፍ አፌ ተሰፋ ማለት ነው። ይቺ ብልሃት የማን ናት? የሲሪሎ ኑዛዜ ናት ወይስ ያንቺ?»

«የክሬሴንሲያ ናት።»

ማርጋሪቶ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር፣ ያዘው።

ኦቲሊያ መንገዱን ስትጀምር ዳቦውን ሰጥታ ዝም ብላ ለመመለስ ነበር ያሰበችው። እንደዚያ ቢሆን ይቀል ነበር። አሁን ግን ዝምታው ራሱ አድክሟት ነበር። «ረድፉ ያንተ ነው» አለችው። «ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። የሁለት ሰው ዱካ ነበር፤ አንዱ ትንሽ።»

«ታዲያ ያኔ በጉባኤው ፊት ስለ ዱካው ለምን አልተናገርክም?»

«ሴትን ከባሏ ማጣላት አልፈለግሁም። አንድ ቀን ራሷ ትናገራለች አልኩ።» ቃጫውን አራገፈው። «አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብሽ።»

«ይኸው ነገርኩህ።»

«ለእኔ ምን ይረባኛል? እኔማ አውቀዋለሁ። በሰው ፊት የተዋሸው በሰው ፊት ነው የሚነሳው። በዘጠነኛው ቀን እመጣለሁ፤ ከበር አልገባም። አንቺ ከተናገርሽ እገባለሁ።»

ዳቦውን ተሸክማ ተመለሰች። ስምንተኛውን ቀን ስትፈጭ ዋለች፤ ማሰብ ከመፍጨቱ ይብስ ነበር። ባሏ በሚሸኝበት ቀን ሌባ ነው ልትል ነው። ዝም ካለች ደግሞ መስቀሉ ወለሉ ላይ ይቀራል፣ ሲሪሎም ከቤት አይወጣም። ትወደው ነበር፤ ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነው። እናቷ የታመመች ጊዜ አሮጊቷን አዝሎ አምስት ሰዓት በእግሩ ተጉዟል፤ አሮጊቷንም መንገዱንም ሐኪሙንም እየተሳደበ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ እጁ ደግ፣ ምላሱ ክፉ። «በደልኩ» የምትለዋን ቃል ብቻ እግዜር አልሰጠውም።

በዘጠነኛው ቀን ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጸሎት መሪዋ ጨርሳ «የመስቀሉ አባት የታለ?» አለች። ማርጋሪቶ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከደጃፉ ውጪ ቆሟል። ኦቲሊያ ተነሳች። ክሬሴንሲያ ቀሚሷን ጎተተቻት።

«ተቀመጪ፤ ሙት ልትወቅሺ ነው?»

«የምወቅሰው ራሴን ነው» አለች ኦቲሊያ። ድምጿ የደከመ ነበር። «በጉባኤው ፊት ዋሽቻለሁ። ሲሪሎም ዋሽቷል። ድንበሩ ላይ ያለው የማጌይ ረድፍ የቆመው በማርጋሪቶ መሬት ነው፤ ችግኙን አዝዬ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ መሬቱም ማጌዩም የእሱ ነው።»

የቀሚሷን ጫፍ ከክሬሴንሲያ እጅ አላቀቀች።

«አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሲሪሎ ከዚያ ረድፍ አንድ ቅጠል አልቆረጠም። ገመድ ሲያጥረን እንኳ ተራራ ወጥቶ ነበር የሚያመጣው። ለምን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም። ያፍር ነበር መሰለኝ።»

ማርጋሪቶ ከደጃፉ «አይቻለሁ» አለ። «በየዓመቱ እሄድና ቅጠሉን አይ ነበር። አንዲት ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልመጣም ነበር።»

ገባ። ዳቦውን ከእጇ ተቀበለና ተንበረከከ። ከራስጌው ጀምሮ ኖራውን በአበባ እቅፍ እየጠረገ በሣጥኑ ሰበሰበ። ሽማግሌ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወሰደበት፣ ማንም ልርዳህ አላለውም። ሲጨርስ እሱና ኦቲሊያ ጎንበስ ብለው እጅ ተነሳሱ።

«እንግዲህ አበልጄ» አላት።

«አበልጄ» አለችው።

ከዚያ ወጣ ብሎ ደጅ ያስቀመጠውን ማሰሮ ይዞ ገባ። ከራሱ ማጌይ የጠመቀው ፑልኬ ነበር፤ በመንደሩ እንደ እሱ የሚጠምቅ የለም። ሁለቱ ከተጣሉ ጀምሮ የማርጋሪቶ መጠጥ የዚህን ቤት ደጃፍ አልፎ አያውቅም፤ ሲሪሎም አሥራ ሁለት ዓመት አልቀመሰውም። በቅል ሞልቶ መጀመሪያ ለኦቲሊያ ሰጣት።

ደንቡ ለሟች ጠብ አድርጎ መጠጣት ነው። መስቀሉ ከተነሳበት አፈር ላይ ጠብ አደረገች። ቅሉን ወደ አፏ ስትወስድ ሽታው አወዳት። አልጠጣችም። ጎንበስ ብላ እንደገና አፈሰሰች፤ ትንሽ ቆየችና ደገመች። አፈሩ ቀስ እያለ ይመጥጠው ነበር። ቅሉ ባዶ እስኪሆን ለሲሪሎ ጨመረችለት።