በጉ ታርዷል

ሰውን ከአገሩ ማስወጣት የፈለገ አያባርረው፤ ራት ይጋብዘው። እኔን ከቡታጅራ ያስወጣኝ ጠላት አይደለም። ወዳጆቼ ናቸው፤ አብልተው፣ አጠጥተው፣ መርቀውና ስመው።

ሀብተጊዮርጊስ እባላለሁ። በከድሮ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ከድሮ ይሸጣል፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ገበያ ሲጠፋ ደግሞ አብረን አላፊ አግዳሚውን እናማለን። እናቴ ከሞተች ወዲህ ምሳዬ የሚመጣው ከከድሮ እናት ከእማማ ሀጀራ ቤት ነበር። ሥጋ በተሠራ ቀን ለእኔ ሽሮ ለብቻው ይመጣል። እሳቸው የሙስሊም ሥጋ እንደማልበላ አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።

ቡታጅራ ላይ ባጃጅ ገና ብርቅ በነበረበት ዓመት፣ ደቡብ አፍሪካ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ “ና” አለኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ፕሮሰሱን ያዘልኝና “አለቀ በለው። ሰኞ ጠዋት ትመጣለህ፣ ማታውኑ ትበራለህ” አለኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ።

ሽኝቱ ተጀመረ። ዘርፈሽዋል ጠጅ ቤት ሳምንቱን ሙሉ አንድ ብርሌ በራሴ ኪስ አልጠጣሁም። ሌላው ጓደኛዬ ካሳሁን፣ የወፍጮ ቤቱ፣ ጓደኞቻችንን አስተባብሮ ወፍራም ጃኬት ገዛልኝ፤ እዚያ ብርድ ነው ብለውት። የስፌት መኪናዬ ላይ የከድሮ የእህቱ ባል ራምዚ ተቀመጠ። የተከራየኋት ክፍል ለአዲስ ሙሽሮች ተሰጠች። ቀበሌው እንኳ በሌላ ጊዜ አንድ ወረቀት ለመጻፍ ስንት ቀን የሚያመላልሰኝ፣ መሸኛዬን ቆሜ ሳለሁ ጻፈልኝ። አገር ምድሩ ሲተባበረኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ራት እሑድ እማማ ሀጀራ ቤት ሆነ። እሑዱ የሁዳዴ ቅበላ ነው፤ በማግስቱ ጾም ይገባል። እማማ ሀጀራ ምን አደረጉ? በግ ገዙልኝ። ከዚያም ካሳሁንን አስጠርተው “እዚሁ ግቢዬ ውስጥ፣ በእናንተ ሥርዓት እረደው። ልጄ ከቤቴ ሥጋ ሳይበላ አይሄድም” አሉት። እሳቸው፣ ከድሮ፣ ከቤተሰቡ አንድም ሰው የማይቀምሰው በግ! ለቤተሰቡ ዶሮ ለብቻው በከድሮ እጅ ታረደ። የካሳሁን ሚስት ወለተ ሐና አዲስ ድስት ይዛ መጣች፤ እማማ ሀጀራ ደግሞ ማማሰያዎቹ እንዳይቀላቀሉ ብለው በእኛው ማማሰያ ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። ክሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ከሱቁ።

ካሳሁን “በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ” ብሎ ቢላዋውን እንዳሳረፈ ስልኬ ጮኸ። ጉዳይ አስፈጻሚው ነው።

“ወንድሜ፣ ቪዛው ተመትቷል።”

“ተመትቷል ማለት?”

“አልሰጡህም ማለት ነዋ። ሌላ ጊዜ እንሞክራለን።” ኔትወርኩ ይሁን እሱ፣ አንዱ ቆረጠው።

ካሳሁን በጉን ሊገፍ እጅጌውን እየሰበሰበ ነበር። ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

“አሁን ነው የምትነግረኝ?”

“አሁን ነው የነገረኝ!”

በጉን አየ። በመስኮት ሽንኩርት ሲከትፉ የሚታዩትን እማማ ሀጀራን አየ። “በጉ ታርዷል፣ ሀብቴ” አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እኚህ ሴትዮ ለእኛ ሃይማኖት ግቢያቸውን የከፈቱት አንተ ትሄዳለህ ብለው ነው። ዛሬ ራትህን ብላ። ነገ ሰውዬውን በአካል አናግረው።”

እንዴት እንደተናደድኩ! ግን እውነቱን ነበር።

ራት ቀረበ። በአንድ ትሪ የእነሱ ዶሮ፣ በሌላው የእኛ በግ። ያን በግ የምንበላው ክርስቲያኖች ሦስት ብቻ ነን፤ ካሳሁን፣ ወለተ ሐናና እኔ። የተረፈውን ቤተሰቡ አይበላው፣ እኛም ከነገ ጀምሮ ጾመኞች ነን። ስለዚህ ዛሬውኑ ማለቅ አለበት። ማን ይጨርሰው? ሂያጁ!

“እማማ” አልኩ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ “አንድ ነገር ልንገር...”

ወለተ ሐና አጎረሰችኝ። እስክውጥ ድረስ ከድሮ ስለ በረንዳዬ ማውራት ጀመረ። “ራምዚ ጎበዝ ነው፤ ግን እንደ አንተ አያስቀኝም” ብሎ ፊቱን አዞረ። የሚያለቅስ መሰለኝ።

“ስሙኝማ፣ ነገኮ...”

“አንድ ጉርሻ ያጣላል!” ብላ ወለተ ሐና ደገመችኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ጉንጬ አብጦ እንባዬ መጣ፤ እነሱ የናፍቆት መሰላቸው።

እማማ ሀጀራ ከማዶ ሆነው አፌን ያያሉ። እኔ ስበላ እሳቸው ይጠግባሉ። “አንተ ልጅ፣ ያ አውሮፕላን በእኛ ላይ ነው የሚያልፈው?” አሉኝ።

“አዎ” አለ ካሳሁን ቀድሞኝ፤ ምን ያውቃል!

“እንግዲያው ነገ ማታ ወጥቼ አይሃለሁ፣ ኢንሻአላህ።”

ይህስ አላስችል አለኝ። ትሪውን ገፋ አድርጌ “እማማ ሀጀራ፣ እኔ አል...” ስል ትልቁ ጉርሻ መጣ። የማን እጅ እንደሆነ ቀና ብዬ አየሁ። የካሳሁን ነው። ዓይኔን እያየ አጎረሰኝ። ዋጥኩት። ከዚያ እማማ ሀጀራ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ መንገዴ እንዲቃና፣ በባዕድ አገር ሰው እንዳላጣ። ሁላችንም አሜን አልን። አሜን ከተባለ በኋላ ምን ይባላል?

በማግስቱ መናኸሪያው በእኔ ሸኚዎች ተጨናነቀ። ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ የጫነው ካሳሁን ነው። “ምናልባት ሰውዬው...” ብሎ ጀመረና ተወው። ከድሮ በመስኮት እጄን ይዞ ከአውቶቡሱ ጋር ትንሽ ሮጠ። እኔም እንደ እውነተኛ ሂያጅ እጄን አወዛወዝኩ።

አዲስ አበባ ሳልደርስ፣ መንገድ ላይ ባለችው ቡኢ ከተማ ወረድኩ። አዲስ አበባ ገብቼ ማን ጋ እሄዳለሁ? የአስፈጻሚው ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። እመለሳለሁ ብዬ ነበር የወረድኩት፤ እውነቴን ነው። መንገድ ዳር አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ወደ ቡታጅራ የሚሄድ መኪና ሲቆም ሻንጣዬን አነሳለሁ፤ ከዚያ ትሪው፣ ዱዓው፣ የራምዚ መቀመጫ ይመጣብኛል፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከቡታጅራ የሚመጣ ሲቆም ደግሞ የማውቀው ሰው እንዳያየኝ የጃኬቴን ኮሌታ አነሳለሁ። እንዲህ ስል ውዬ አመሸሁ።

ጀምበር እንደጠለቀች ስልኬ ጮኸ። የከድሮ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የእማማ ሀጀራ።

“ልጄ፣ ደረስክ?”

“ደርሻለሁ፣ እማማ።”

“ሳትሳፈር ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው። ግቢ ወጥቼ ተቀምጫለሁ።”

አፌ ውስጥ ምንም አልነበረም። ጉርሻም፣ የሚያጎርሰኝ ሰውም የለም። “እማማ...” አልኩ። “እኔ...”

“ወይ ልጄ?”

“ብርድ ነው፤ ይግቡ።”

“አንተን ሳላይ አልገባም” ብለው ሳቁና ዘጉት።

ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ በኩል አንድ አውሮፕላን እያብለጨለጨ መጣ። ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ብቻ በላዬ አልፎ ወደ ቡታጅራ አቀና። ከሻይ ቤቱ ደጅ ቆሜ፣ ሻንጣዬን በእግሬ መሃል ይዤ፣ እስኪርቅ ተከተልኩት። አሁን ያዩታል። አሁን እጃቸውን ያነሳሉ።

አውሮፕላን ላይ ስልክ ይጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። አጠፋሁት።