ወድቆ መነሣት

ብሮንዊን ላፕቶፑን ወደ ሌሲዬሊ አዞረች። የሴቶች ራግቢ ቡድኑ የአካል ብቃት አሠልጣኝ ናት፤ ስትናደድ ድምፅዋ የሚቀንስ ዓይነት ሴት።

"እንኳን ደስ አለሽ" አለች። "ቅዳሜ ከቡድኑ ሁሉ ፈጣኗ አንቺ ነበርሽ። ያን የሚያህል ትከሻ ተሸክመሽ እንደ ሚዳቋ ስትበሪ ነው የዋልሽው። ትራፊክ ፖሊስ ቢያይሽ ይቀጣሽ ነበር።"

ሌሲዬሊ ሳቋ መጣ፤ የብሮንዊንን ፊት ስታይ ግን መልሳ ዋጠችው።

በጨዋታ ቀን ተጫዋቾቹ ሁሉ ከማሊያቸው ሥር ጠባብ ሰደርያ ይለብሳሉ። ከአንገት ዝቅ ብሎ፣ በሁለቱ ትከሻ መካከል፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል መሣሪያ የምትገባበት ኪስ አለው። ማን ምን ያህል እንደ ሮጠ፣ ስንቴ እንደ ተጋጨ፣ መቼ እንደ ደከመ የምታሳብቀው እሷ ናት። ሌሲዬሊ ደግሞ ከድሮም አሳባቂ አትወድም።

ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ከቶንጋ ደሴቶች ምዕራብ ሲድኒ የገቡት እናቷ እሷን አርግዛ ሳለች ነው። በራግቢ ሊግ የፊት መስመር ተጫዋች ናት፤ ኳስ ስትይዝ ሰው ወደ ቆመበት እንጂ ወደ ክፍቱ አትሮጥም፣ ኳስ ይዞ የመጣውን ደግሞ በትከሻዋ ተቀብላ ትጥላለች። ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌዎችን ከአልጋ እያነሣች ታጥባለች፤ አመሻሽ ላይ ልጇን ለእናቷ ትታ ልምምድ ትሄዳለች። ወልዳ ስትመለስ "አበቃላት" ያሉ ነበሩ። ውድድሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ዋናው አሠልጣኝ በሁሉም ፊት "እስከ መጨረሻው የማትዘልቅ የፊት ተጫዋች ለከርሞ አልፈልግም" ሲል፣ ዓይኑ እሷ ላይ ያረፈ መሰላት።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ ድካሟ እንዳይታወቅባት መሣሪያዋን ከማርሊ ጋር ተለዋወጠች። ማርሊ ከሩቋ የገጠር ከተማ ከቡርክ የመጣች፣ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝብ ከአቦርጂኖች የተወለደች ልጅ ናት፤ ከሁሉም ኋላ ቆማ ከፊት ያመለጠውን ሁሉ እያሳደደች የምትይዝ፣ እግረ ቀጭን ወጣት።

"እትዬ ሌሲ፣ ቢያውቁብንስ?" ብላት ነበር ልብስ መቀየሪያው ውስጥ።

"ሮጬ አመልጣለሁ።"

"አንቺ? የት ልትደርሺ!"

ሁለቱም እየተንከተከቱ ነበር ወደ ሜዳ የገቡት።

አሁን ብሮንዊን ድምፅዋን የባሰ ዝቅ አደረገች። "ማክሰኞ ማርሊን ምን እንዳሠራኋት ታውቂያለሽ? መሣሪያው ቅዳሜ ስትዝናና እንደዋለች ነገረኝ። ሰነፈች ብዬ ለብቻዋ አስቀርቼ የፍጥነት ሩጫ ጨመርኩባት። ለካ እሷ ቅዳሜ እስኪበቃት ሮጣ፣ የጭኗ ጡንቻ ተወጥሮ ኖሯል። የአንቺን ቁጥር ዛሬ ገና ከፈትኩት። ሁለቱን ጎን ለጎን አለማየቴ የእኔ ጥፋት ነው። ጡንቻው ተቀዷል፤ ለግማሽ ፍጻሜው የለችም።"

"ታዲያ እያመማት ለምን አልተናገረችም?"

"አንቺን ላለማጋለጥ ነዋ!"

ሌሲዬሊ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ብሮንዊን ቁጥሩን ዘግታ የቅዳሜውን ጨዋታ ፊልም ከፈተችላት። ከእረፍት በኋላ ያለው ነበር። ሌሲዬሊ አንዷን ገጭታ ትጥላለች፤ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኋላ ተመልሶ መስመር መያዝ አለ። ሌሎቹ ተነሥተው ደርሰዋል። እሷ ገና በአንድ ጉልበቷ ናት፣ እጇን ጭኗ ላይ አስደግፋ። እሷ መቆም በነበረባት ቦታ ክፍተት ይታያል። ተጋጣሚዋ በዚያው ትሾልካለች፣ ከኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ በሙሉ ኃይሏ ትመጣና ትይዛታለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ቀጥሎም እንደገና።

ብሮንዊን ፊልሙን አቆመች።

"ማርሊን ያስሮጥኳት እኔ ነኝ" አለች ሌሲዬሊ።

ለዋናው አሠልጣኝ ራሷ ሄዳ ነገረችው። "ሌላ የፊት ተጫዋች ቢኖረኝ ዛሬውኑ እሸኝሽ ነበር" ብሎ ፊቱን አዞረባት። ከዚያ ወደ ማርሊ ቤት ነዳች። ልጅቷ ጭኗ ላይ በረዶ አስራ ሶፋ ላይ ተጋድማለች።

"ይቅር በይኝ።"

"ተይ እባክሽ። ከፊት አንቺ ባትጋጪ እኔ መቼ ክፍት ሜዳ አገኝ ነበር?" ማርሊ በረዶውን አስተካከለች። ቀጥላም ሳትስቅ፣ "ግን ሲደክምሽ ንገሪን፣ እትዬ። እኛ ከኋላ ሆነን የምናየው ጀርባሽን ነው፤ ጀርባሽ ደግሞ ሁሌም ግድግዳ ነው የሚመስለው" አለቻት።

የግማሽ ፍጻሜው ቀን ሙቀቱ ይከብድ ነበር። ሌሲዬሊ ከመጀመሪያው ገባች፤ ተጋጨች፣ ጣለች፣ ተጣለች። ከእረፍት በኋላ አንዲት ግዙፍ አጥቂ ጎድኗ ላይ አረፈችባት። ልትነሣ ስትል ጉልበቷ መሬቱን አልለቅ አላት። ቀና ስትል መስመሩ ያለ እሷ ተሰልፏል።

ማንም ሳይጠራት እጇን ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር አነሣች።

ስትወጣ አሠልጣኙ በመገረም አያት። ማርሊ ክራንቿን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላትና ፎጣ ራሷ ላይ ጣለችላት። በዚህ ጨዋታ የወጣ ተመልሶ መግባት ይችላል፤ ሌሲዬሊ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መመለስ ሳታስብ ዝም ብላ ተነፈሰች።

ሊያልቅ ሲል ብሮንዊን ትከሻዋን መታ አደረገቻት። በአራት ነጥብ እየመሩ ነበር፤ ተጋጣሚዎቹ ደግሞ እነ ሌሲዬሊ የሚከላከሉት የግብ መስመር ላይ ደርሰዋል። ገባች። አንዷን ጣለችና ተነሥታ ተመለሰች። ሌላዋን ጣለች፤ ከሁሉም ቀድማ ቆመች። በእሷ በኩል የሚያልፍ ጠፋ። በእሷ በኩል ሲያቅታቸው ኳሱን በእግራቸው ከመስመሩ ኋላ አንከባለሉት። በማርሊ ቦታ የገባችው ልጅ ሮጠች፣ ተወረወረች፣ በክንድ ርዝመት ተቀደመች። ተጋጣሚዎቹ ኳሱን መሬት አስነክተው አራት ነጥብ አገኙ፤ ተከትሎ የተመታውም ምት በምሰሶዎቹ መካከል አልፎ ሁለት ጨመረላቸው።

ተሸነፉ። ማርሊ ብትኖር ትደርስበት እንደነበር ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቁታል። ሌሲዬሊ ያቺን የተቀደመችውን ልጅ አቅፋ እስክትረጋጋ አብራት ተቀመጠች።

ለከርሞ አሠልጣኙ ቡድኑ ውስጥ አቆያት። ሌሎቹ ሲደክሙ ከወንበር ተነሥታ የምትገባ ሆነች፤ ማርሊም ድና ከኋላዋ ቆመች። ከሽንፈቱ በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ግን ይህን ገና አታውቅም ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቷ ቤት ተቀምጣ፣ በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ በኮኮናት ወተት የበሰለውን ሥጋ ፊቷ አድርጋ በማንኪያ ትነካካዋለች።

"ትናንት እጅሽን ያነሣሽው ምን ሆነሽ ነው?" አለች እናቷ። "የተሰበርሽ መስሎኝ ልቤ ቀጥ አለ።"

"አልተሰበርኩም፣ እማዬ። ደክሞኝ ነው።"

እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይቺን ልጅ በምጥም፣ በሥራም፣ በሜዳም አይታታለች፤ ይህን ቃል ከአፏ ሰምታ አታውቅም።

"እሰይ" አለች ቀስ ብላ። "በይ፣ ብዪና ጋደም በይ። ልጁን እኔ እይዘዋለሁ።"