የአቶ ሰብስቤ ጥቅል

"ይውረዱ" አለ ገመቹ ልጓሙን ስቦ። "ጋሪው ተይዟል።"

አቶ ሰብስቤ ግን ወጥተው ተቀምጠዋል። ጋሪው ላይ ከእሳቸውና ካቀፉት ጥቅል በቀር ማንም የለም። ከኋላ ተራውን የሚጠብቀው ባለጋሪ ወዬሳ ሳቀ።

"ያ ገመቹ፣ ጫናቸው እንጂ። ፈረስህ እንደሆን የቀበሌ ጥበቃና ሰው አይለይም።"

"እሱ ባይለይ እኔ እለያለሁ።"

ከሦስት ዓመት በፊት እኚሁ ሰው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ በእናቱ ደጃፍ ቆመው፣ "ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ" ብለውት ነበር። አምስቷ ደቂቃ ካሚዮን ላይ ጭና ናቅፋ ግንባር ድረስ ወሰደችው። ሁለት ጣቱን እዚያ ትቶ፣ ለጦር አይሆንም ተብሎ ቦርድ ወጥቶ ሲመለስ፣ እናቱ ሞቷል ተብላ ለቅሶ ተቀምጣ ተነስታለች። ከዚያ ወዲህ ካሚዮን ሞተር ሲያስነሳ በሰማ ቁጥር እጆቹ ይከዱታል። ናዝሬት ደግሞ ካሚዮን የማይጮህባት ሰዓት የላትም።

"ልጄን አብተውን ትናንት ከኳስ ሜዳ አፈሱት" አሉ አቶ ሰብስቤ። "የሌላ ቀበሌ ጥበቃዎች ናቸው። የማን ልጅ እንደሆነ ቢነግራቸው፣ 'እንግዲያማ ደንቡን ታውቀዋለህ' አሉት።"

"የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ አይሄዱም?"

"ሄድኩ። ኮታ ነው አለኝ። እኔ ለሰው የምለውን መልሶ ለእኔ።"

ገመቹ ይህን ቀን ምሽግ ውስጥ ሆኖ ስንቴ ተመኝቶታል። አሁን ሲመጣለት ግን ደስታው አብሮ አልመጣም። ፈረሱን ነዳው።

ወደ ደራ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ምልምሎቹ በታጎሩበት የእህል መጋዘን በር ላይ፣ እናቶች አፈር ላይ ተቀምጠዋል። ከውስጥ የካሚዮኖቹ ሞተር ያጓራል። ገመቹ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ደበቀ።

ዘበኛው ወታደር አቶ ሰብስቤን በሰደፍ ገፍቶ መለሳቸው። "ሲቪል አይገባም።"

ወደ ጋሪው ተመለሱ። "አንተ የቦርድ ወረቀት አለህ፤ ያስገቡሃል። ይቺን ብቻ ስጥልኝ። አስለቅቅልኝ አላልኩህም። እንደማይለቁት ከእኔ በላይ ማን ያውቃል።" ድምፃቸው ወረደ። "ደግሞ ... ይቅር በለኝ፣ ልጄ።"

"ልጄ አይበሉኝ።" ጥቅሉን ተቀብሎ በእጁ መዘነው። "ምንድን ነው?"

"በሶ። ጋቢም አለው።"

"ጋቢውን ይቀሙታል። ካልሲ አለው?"

አቶ ሰብስቤ ያን ሁሉ ልጅ ሲልኩ ኖረው፣ እዚያ ለደረሰ ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም።

ናቅፋ ተራራ ላይ ብርዱ እግሩን ካሰቃየው ወዲህ፣ ገመቹ በዚህ ሙቀት እንኳ ካልሲ ሳያጠልቅ ከቤት አይወጣም። ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ፈታ። ካልሲዎቹን አውልቆ አራገፋቸው፤ ከበሶው ጎን ከቷቸው ጥቅሉን መልሶ ቋጠረ። ባዶ እግሩን ጫማው ውስጥ አስገብቶ ልጓሙን ለአቶ ሰብስቤ አቀበላቸው።

"ፈረሱ ካሚዮን ይፈራል፤ አጥብቀው ይያዙት" አለና፣ ሞተሮቹ ወደሚያጓሩበት በር ሄደ።