የጎረቤት ሰንጋ

ሩቅያ ባሏ ከሞተ ወዲህ የደብረ ማርቆሱን የጨርቅ ሱቅ ብቻዋን ይዛ ልጇን ያሳደገች ሴት ናት። የልጇ የኢክራም ሰርግ ሲቃረብ ታናሽ ወንድሟ ተማም ከባሕር ዳር ከች አለ፤ የተዋበ አዳራሽና የመኪና ሰልፍ በስልኩ እያሳየ።

«ያለችሽ አንድ ልጅ! ሰው ምን ይለናል?» አላት።

«ሰውማ በልቶ ይመርቃል። ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ድንኳን ይበቃናል። ለአንድ ቀን ታይቶ ለሚጣል አበባ ላቤን አላፈስም። ኢስራፍ ነው፤ አላህ ብክነት አይወድም።»

ኢክራም አኮረፈች። እናቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ «ቬሎውን ተከራዪ፤ ያማረሽን ምረጪ። በሚተርፈው የስፌት መኪና እንገዛልሻለን» ስትላት ግን ፊቷ ፈታ አለ። ልብስ ስፌት ተምራ ሥራ መጀመር ፈልጋ ነበር።

ተማም ግን አልተዋጠለትም። «መቆጠብ ከሆነ በደንብ እንቆጥብ። ለክርስቲያን ጎረቤቶችሽ ለብቻ የሚታረደው ሰንጋ ይቅር። ሽሮና ምስር ይበቃቸዋል» አለ።

ሩቅያ ጨርቅ የምትቆርጥበትን መቀስ አስቀመጠች። «እሱ አይነካም።»

«አበባው ብክነት ሆኖ ሰንጋው ምን ሊባል ነው?»

«አበባው ለታይታ ነው፤ ሰንጋው ለጎረቤት። ባሌ የሞተ ጊዜ ድንኳን የተከሉልኝ፣ ሱቄ ተዘግቶ ሲከርም እህል ይዘው የመጡት እነማን ናቸው? ዲናችን አታባክኑ ብቻ አላለም፤ አትሰስቱም ብሏል። እኔ መሀሉን ነው የምይዘው።»

ተማም ሰፈር ውስጥ ሲያጉረመርም ወሬው ጎረቤታቸው አያ አንሙት ጆሮ ደረሰ። ሽማግሌው በማግስቱ መጥተው፣ «ልጄ፣ ለእኛ ብለሽ አትቸገሪ፤ ሽሮሽን በልተን እንመርቃለን» አሏት።

«እርስዎ ያላረዱልኝ ሰርግ ምን ሰርግ ይባላል? ሮብ ገበያ ወጥተው ይምረጡልኝ። መካከለኛ ይሁን፤ ሰው የሚያጠግብ እንጂ የሚያስወራ አልፈልግም።»

አያ አንሙት ሳቁ። «እንግዲያው ተማምን ይዤው እሄዳለሁ።»

ይዘውትም ሄዱ። ተማም በጭቃ በተለወሰ ጫማ ሰንጋውን እየጎተተ፣ ዋጋ ሲያስቀንሱ የተባባሉትን እያወራ ከሽማግሌው ጋር ሲስቅ ተመለሰ።

ሰርጉ ፆም ባልገባበት እሑድ ሆነ። ሁለት ድንኳን ተተከለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እንደየሥጋው ተቀመጠ። ኢክራም በኪራይ ቬሎዋ ብቅ ስትል እልልታው ቀለጠ። ሩቅያ አስተናጋጆቹን፣ «ሰው እስኪጠግብ ጨምሩለት፤ ሳይፈልግ ግን አትከምሩበት» እያለች ተቆጣጠረች። የተረፈው ምግብ ሳይበላሽ፣ የክርስቲያኑን አያ አንሙት ለቆሎ ተማሪዎች ወሰዱት፤ የእስላሙን ተማም ራሱ በመስጊዱ ዙሪያ ላሉ ችግረኞች አደለ።

ተማም ባዶ ድስት ይዞ ሲመለስ፣ «የሚደፋ እኮ አልተገኘም!» አላት።

«ለምን ይደፋል? በል ታጠብ፤ አንተም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም» አለችና ያስቀመጠችለትን ወጥ ከጥሩ ጥሩ ሥጋ ጋር አቀረበችለት።