ዳማ፣ ጥርስ ሙሉ፣ አይራገጥም

ስማቸው ራሱን እንደ ብልህ ሰው መቁጠር ያቆመው በ2009 ዓ.ም. ጥር ወር፣ እንጅባራ ሜዳ ላይ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ እያየው ነው። ቀኑን ለሰው ሲያወራ «ሽማግሌዎችን ፈረስ ያደረግሁበት ቀን» ይለዋል።

ነገሩ የተጀመረው በናርዶስ ነው። ናርዶስ ከተማው ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ናት፤ ስማቸው ሊያገባት ቆርጧል፣ እሷም እሺ ብላዋለች። የቀሩት አባቷ ጋሼ ደርበው ናቸው። በዛብህ የሚባል የጫግኒ እህል ነጋዴ አስቀድሞ ሽማግሌ ልኮባቸው፣ «እንመካከር» ብለው አቆይተውታል። በዛብህ አይሱዙ አለው። ስማቸው ያለው ላፕቶፕ ነው፣ እሱም ባትሪው የሞተ።

ጋሼ ደርበው ስለ ስማቸው የኮምፒውተር ሥራ ሲነገራቸው፣ «ቁጭ ብሎ ሲያፈጥ ይውላል አሉ። ይኼ ሥራ ነው?» ብለው ነበር። ስማቸው ሥራ መሆኑን ሊያሳያቸው ተነሣ። ጋሼ ደርበው ዓመታዊውን የፈረሰኞች በዓል ከሚያስተባብሩት አንዱ ናቸውና፣ ፈረሰኞቹንም ፈረሶቹንም በኮምፒውተር መዝግቦ ለእያንዳንዱ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ሊያወጣላቸው ቃል ገባ። ሽማግሌ የሚልከው ከበዓሉ ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። ካርዱ ካማረ አይሱዙው ይረሳል ብሎ አሰበ።

ዩኒቨርሲቲ የተማረው የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫ ነበር። ፓይተንን የለመደው ካወረዳቸው ቪዲዮዎች ነው፣ እነሱንም ሳይጨርሳቸው። ይህ ግን ቢሮ ውስጥ «ጃቫ እኮ አርጅቷል» ከማለት አላገደውም። በዚያ ባረጀው ጃቫ ሁለት ትእዛዞች አንድ ስም ይዘው ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ፤ ቋንቋው የተሰጠውን ዐይነት አይቶ፣ ይኼ ለሰው ነው፣ ያኛው ለፈረስ ነው ብሎ ይለያል። ስማቸው በፓይተንም እንዲሁ መሰለው። «መዝግብ» ብሎ የሰውን ጻፈ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ። ከሥሩ እንደገና «መዝግብ» ብሎ የፈረስን ጻፈ፤ በእነዚያ ላይ መልክ፣ ጥርስና ፀባይ ጨመረበት። ባለፈረሶቹ ሁሉንም ላይናገሩ ይችላሉ ብሎም ባዶ ለሚቀረው ቦታ መልሱን ራሱ አስቀመጠ፦ ዳማ፣ ጥርስ ሙሉ፣ አይራገጥም። በዚህ አርቆ አሳቢነቱ በጣም ኮርቶ ነበር።

«በሰው ሞክረኸዋል?» አለችው ናርዶስ።

«አንዱ ከሠራ ሌላውም ይሠራል። ይኼ የሙያ ጉዳይ ነው።»

የሞከረው በአንድ ፈረስ ብቻ ነበር፣ በጋሼ ደርበው ፈረስ። ከዚያ በዋዜማው መብራት ሲጠፋ ዋለና አመሻሹ ላይ መጣ። ስማቸው መብራቱ ተመልሶ ሳይሄድ ልጨርስ ብሎ ሲጣደፍ፣ ከሚወጣው ካርድ ይልቅ አምፖሉን ያይ ነበር። ሁሉንም በላስቲክ አሽጎ በየቀበሌው ፖስታ ከተተ።

በማግሥቱ ከአዘናም ከጥሊሊም የመጡ ፈረሰኞች ሜዳውን ሞሉት። ስማቸው የመጀመሪያውን ካርድ በገዛ እጁ ጋሼ ደርበው አንገት ላይ አጠለቀ። እሳቸው መነጽር ስላልያዙ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሸጋ ጮክ ብለው አነበቡላቸው።

«ደርበው። ስድሳ ስምንት ዓመት። መልክ፣ ዳማ።» ወይዘሮ ሸጋ ባላቸውን ቀና ብለው አዩና ቀጠሉ። «ጥርስ፣ ሙሉ።» ጋሼ ደርበው የፊት ጥርሳቸውን በጎልማሳነታቸው ከፈረስ ሲወድቁ ጥለውት ቀርተዋል። «ፀባይ፣ አይራገጥም።»

ወይዘሮ ሸጋ ካርዱን ለቀቁት። «ሌላው ይሁን። ይኼን የመጨረሻውን ማን መሰከረለት?»

ሳቁ ከድንኳኑ ተነሥቶ ሜዳውን አዳረሰ። ሰው ሁሉ ከየቀበሌው ፖስታ የየራሱን ካርድ እያወጣ ያይ ጀመር፤ ሁሉም ዳማ ነው፣ ሁሉም አይራገጥም። የአዘናው ቄስ ሳይቀሩ ጥርሰ ሙሉ ዳማ ሆነዋል። ሽማግሌዎቹ በአዊኛ የሆነ ነገር ተባብለው እንደገና ሳቁ። ስማቸው ከሰላምታ ያለፈ አዊኛ አያውቅም።

«ምን አሉ?» አላት ናርዶስን።

«ባትሰማው ይሻልሃል።»

ጋሼ ደርበው ጠሩት። «ና እስቲ ልጅ። እንዴት ሆነን ነው ፈረስ የሆንነው?»

በመብራቱ ማላከክ ይችል ነበር፤ በመብራት ተመካኝቶ ያልታመነ ሰው የለም። አፉ ላይም ደርሶ ነበር። ግን ናርዶስ አጠገቡ ቆማለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። በአንድ ጀርባ ሁለት ኮርቻ ጫንሁ። ይኼ ቋንቋ ለአንድ ስም ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ሁለተኛውን ሲጭኑበት የመጀመሪያው ይወድቃል። የሰውን አስቀድሜ የፈረስን አስከተልሁ፣ የፈረሱ ብቻ ቀረ። ይኼን ደግሞ ማወቅ ነበረብኝ።»

«ታዲያ ሰው ስትሰጠው፣ ኧረ ይኼ ሰው ነው አይልም?»

«አይልም። እርስዎ ሲያርሱ፣ ማረሻው የሚጎትተውን በሬ ነህ ፈረስ ነህ ብሎ ይጠይቃል? ይኼም ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ካገኘ ዝም ብሎ ይሄዳል።»

ጋሼ ደርበው በፈረስ የሚያርሱ ሰው ናቸውና ነገሩ ገባቸው። «እንግዲያ ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይሽራል በለኛ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ስማቸው ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ላፕቶፑን ሶኬት ላይ ሰካና አስተካከለው። ሰውን ለብቻ፣ ፈረስንም ለብቻ አድርጎ፣ እያንዳንዱ የራሱን «መዝግብ» ይዞ እንዲመጣ አደረገ። ጥሪው ያው አንድ ነው፤ የተጠራው ግን በየራሱ መንገድ አቤት ይላል። ሥራው ሻይ አፍልቶ የመጠጣት ያህል እንኳ አልፈጀም፤ ከሁሉ ያናደደው ይኼ ነው። አዲሶቹን ካርዶች ይዞ ሲዞር ደግሞ የሚቀበለው አጣ። ሰው ሁሉ ዳማነቱን ወዶታል።

እሑድ አጎቱ እንየው ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ጋሼ ደርበው ቤት ሄዱ። ስማቸው ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ፣ ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ባጃጅ ሲያይ፣ እንደገና ሲገባ ዋለ። ናርዶስን ካጣ የሚሄድበት አገር ሁሉ ታየው፤ የትኛውም ደስ አላለውም።

እንየው ብቻቸውን ተመለሱ። ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ውኃ ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ይንገሩኝ እንጂ።»

«በዛብህ ቀድሟል አሉን።»

ስማቸው ብድግ አለ።

«ቆይ ልጨርስ። ‹የአገሩ ወግ ቀድሞ ለመጣው ያደላል። ልጃችሁ ደግሞ ሜዳ ላይ የኋለኛው ይሽራል ብሎ አስተምሮናል። የትኛው እንደሚሠራ ስላላወቅሁ ልጄን ጠየቅኋት› አሉ። እሷንም እፊታችን ጠሯት።»

«ምን አለች?»

«‹በሰው ሞክር ብዬው እንቢ ያለ ነው። ግን ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ይችላል፤ ያውም አገር እየሰማ። ከእሱ ጋር መኖር እችላለሁ› አለች።»

እንየው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የጋሼ ደርበውን ካርድ አወጡ። «ይኼን ስጡልኝ ብለዋል። ስሙን ይጻፍበት። ‹መልኩ የእግዜር ነው፣ ጥርሱንም ሲስቅ አይቼዋለሁ። የመጨረሻዋን ቃል ግን ሸጋ ለኔ ሳትመሰክርልኝ ቀረች። እሱ ለልጄ ይማልልኝ› አሉ።»

ስማቸው ካርዱን ተቀበለ። ያቺን ቃል የጻፋት ባዶ ቦታ እንዳይቀር ብሎ፣ ሳያስብ ነበር። አሁን ደጋግሞ አነበባት፤ ሊስቅ ፈልጎ ዕንባው ቀደመው፣ አጎቱ ፊት አፈረ። ማርከር ፈልጎ ከላስቲኩ ላይ፣ ከደርበው ስም ሥር፣ የራሱን ስም ጻፈ። የፊተኛውን አልሰረዘውም። ጠበብ ቢልም ለሁለቱም ቦታ ነበረ።